የጋሽ ማለት በር

«ከላይ ሰፈር አንድ ሰው እንኳ አልመጣም?» አለች ዳቦ ጋጋሪዋ፣ ኩሽና ውስጥ ጎንበስ ብላ የሻይ ብርጭቆ እያለቀለቀች።

«ምን አንድ፣ ጥላውም አልመጣ» አለች ጎረቤቷ። «ቀብር ላይም በዓይኔ ስፈልግ ነበር። የለም። እሱንም ዘጉት ማለት ነው እንግዲህ።»

ልጅቱ ባዶ ትሪ ይዛ ከኋላቸው ቆማ ነበር። ሴቶቹ ዘወር ሲሉ አዩዋት። ዳቦ ጋጋሪዋ ያጠበችውን ብርጭቆ አንስታ እንደገና ማጠብ ጀመረች።

ልጅቱ እንላታለን እንጂ ሠላሳ ስድስት ዓመት ሞልቷታል። ሌላ ከተማ ውስጥ የሕክምና ላቦራቶሪ ኃላፊ ነች፤ ነጭ ጋውኗን ለብሳ ስትገባ ስድስት ሠራተኛ ቀና ብሎ ሰላም ይላታል። እዚህ ቤት ግን ልጅቱ ነች። የጋሽ ማለት ልጅ።

«ማለት» የአባቷ ስም አይደለም፤ ትክክለኛ ስሙን ብትጠሩ ግን ግማሹ ሰፈር አያውቅላችሁም። ሰው አንድ ነገር ሲነግረው አንገቱን ሰበር አድርጎ «ማለት?» ይል ነበር። «ሰውዬው ክፉ ነው» ሲሉት «ማለት?»፣ «ኑሮ እንዴት ነው?» ሲል «ደህና ነው» ካሉት «ደህና ማለት?»። ልጅቱ በሃያ ዓመቷ አንድ ቀን ደፍራ፣ ፊቷ ቀልቶ፣ «አባዬ፣ የምወደው ልጅ አለ» ብትለው ምን ቢላት ጥሩ ነው? «ማለት?» አላት። ሳምንት ሙሉ አኮረፈችው። ማለት ምን እንደሆነ እያሰላሰለች ስትከርም ግን መልስ አጣችለት፤ ልጁንም በዚያው ተወችው።

አሁን ሰውዬው ከተቀበረ ሁለተኛ ቀኑ ነው። ሳሎኑ ውስጥ ሰው ግድግዳውን ተከትሎ በተውሶ ወንበር ተቀምጧል። በሩ ዛሬም ያስቸግራል። ቤቱ ሲሠራ መቃኑ ዘመም ብሎ ስለቀረ ለቀቅ ሲያደርጉት በራሱ ሄዶ ድው ይላል። ጋሽ ማለት በሕይወት ሳለ በሥሩ አንድ ወፍራም መጽሐፍ ሸጉጦ ጠዋት እንደከፈተው ያውል ነበር። ታናሽ ወንድሙ፣ ሾፌሩ፣ ቤቱን ለለቅሶው ሊያሰናዳ ሲገባ መጽሐፉን ወለል ላይ አየና ደነገጠ። «የወንድሜ የጥናት መጽሐፍ መሬት ላይ ይወድቃል? ነውር ነው» ብሎ አቧራውን አራገፈና መደርደሪያው ላይ፣ ከፎቶው አጠገብ አቆመው። ከዚያ ወዲህ እየመጣ ያለው ለቀስተኛ ሁሉ የተዘጋ በር እየገፋ ነው የሚገባው።

ልጅቱ ትሪውን አስቀምጣ ዶክተሯ አጠገብ ተቀመጠች። ዶክተር ይሏታል እንጂ መርፌ አትወጋም፤ የጥናት ዶክተር ነች። ከዋናው ከተማ ስምንት ሰዓት አውቶቡስ ላይ ተቀምጣ ነው የመጣችው።

«ሰምተሻል አይደል የሚሉትን?» አለች ልጅቱ በሹክሹክታ።

«ሰምቻለሁ።»

«በገዛ ለቅሶው፣ ዶክተር። በገዛ ለቅሶው እኮ ነው።»

ዶክተሯ እጇን ያዘቻት። «እኔ አባትሽን መጀመሪያ ያየሁት ቢሮዬ ድረስ መጥቶ ሲጣላኝ ነው። ነግሮሽ ያውቃል?»

«እኔም አልጠየቅኩት» አለች ልጅቱ። እውነቷን ነው። ሰው ሲጠይቅ የኖረ አባት ነበራት፤ እሷ ግን ስለ ሥራው አንድ ቀን ተቀምጣ አልጠየቀችውም። ይሄ ከትናንት ጀምሮ ውስጥ ውስጡን እየበላት ነበር።

እንግዲህ ነገሩ እንዲህ ነው። ላይ ሰፈርና ታች ሰፈር በአንድ ወንዝና በአንድ ድልድይ የሚለያዩ ናቸው። ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት ሆድና ጀርባ ሆነው ነበር። ሱቆች ተቃጠሉ፤ ከወዲያም ከወዲህም አንድ አንድ ወጣት ሞተ፤ ትምህርት ቤቱ የላዩን ልጆች ጠዋት፣ የታቹን ከሰዓት ማስተማር ጀመረ። ያኔ ከዋናው ከተማ አጥኚዎች መጡ። ዶክተሯ ነበረች መሪያቸው። መጠይቅ የሚያስሞሉ አሥር ሰዎች ቀጠሩ፤ ዘጠኙ ከሌላ ቦታ የመጡ ተማሪዎች ሲሆኑ አሥረኛው ጋሽ ማለት ነበር። የውሃ ቆጣሪ አንባቢ ነበር ሥራው። ከወንዙ በሁለቱም በኩል በየወሩ በየግቢው እየገባ ጎንበስ ብሎ ቁጥር ሲያነብ የኖረ ሰው ነው። የማን ውሻ እንደሚናከስ፣ የማን ሚስት ከማን እህት ጋር እንደማትነጋገር ያውቃል።

መጠይቁ ላይ አሥራ ሰባተኛው ጥያቄ «የግጭቱ መነሻ ምንድን ነው?» ይል ነበር። ከሥሩ አምስት ሳጥን አለ፤ ውሃ፣ መሬት፣ የገበያ ቦታ፣ የመንገድ መዘጋት፣ ሌላ። ታች ሰፈር ያለው ሰው ሁሉ ሲጠየቅ አንድ ቃል ነበር የሚመልሰው።

«ዘጉን።»

ተማሪዎቹ ምን ያድርጉ፤ መዘጋት የሚል ሳጥን አለ፣ አራተኛው ላይ ምልክት አደረጉ። ጋሽ ማለት ግን «ማለት?» አለ። ሰዎቹ ሲያብራሩለት «ሌላ» የሚለው ላይ ምልክት አድርጎ ያሉትን ጠርዙ ላይ በእርሳስ ጻፈ። ጽሑፉ ኮምፒውተር ውስጥ የሚገባበት ቦታ አልነበረውምና ቀረ። ጥናቱ አለቀ፤ ችግሩ መንገድ ነው ተባለ፤ ድልድዩ ይስፋ ተባለ፤ ሰፋ። ሪባን ተቆረጠ። በወሩ የነበረው ጠብ ከበፊቱ ባሰ፤ ድንጋይ ወርዋሪው አሁን ሰፋ ብሎ የሚቆምበት ቦታ አገኘ።

«በራፌ ላይ ቆሞ» አለች ዶክተሯ፣ «በፌስታል የወረቀት ክምር ይዞ፣ ‹መንገዱን ማንም አልዘጋውም፤ እኔ በየወሩ አልፍበታለሁ› አለኝ። ‹ሕዝቡ ዘጉን ብሏል እኮ› ስለው ‹ማለት?› አለኝ። ተናደድኩ። ‹አንቺን ጓደኛሽ ሰላም ብትነሳሽ፣ ቤትሽ መምጣት ብትተው ምን ትያለሽ?› አለኝ።»

«ዘጋችኝ» አለች ልጅቱ።

«ዘጋችኝ ነው የምለው። ቃሉን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ግን የደረሰኝ ቃሉ አይደለም፣ አራት ቁጥር ነው።» ዶክተሯ ራሷን ነቀነቀች። «ተከትዬው መጣሁ። ከዚያ በኋላ እሱ ነበር የሚመራኝ።»

ሰዎቹን «ከመቼ ጀምሮ ነው የዘጓችሁ?» እያለ አንድ በአንድ ጠየቀ። ታቾቹ ሁሉ አንድ ቀን ጠሩለት፤ የአዋላጇን ለቅሶ። አዋላጇ የታች ሰፈር ሰው ነበረች፤ የላይ ሰፈርን ልጆች ግማሹን ያዋለደችው ግን እሷ ነች። ስትሞት ከላይ አንድ ሰው አልመጣም። ጋሽ ማለት ድልድዩን ተሻግሮ ላዮቹን ጠየቀ። እነሱም «ዘጉን» አሉ። «እንደ እናታችን የነበረችው ሴት ስትሞት ሳይነግሩን ቀበሯት።» ከወንዙ ወዲያና ወዲህ ያለው ቂም አንድ ቃል ነበር፤ ያንን ያወቀው ሁለቱንም ግቢ የሚገባ ሰው ብቻ ነበር።

መልእክቱን እንዲያደርስ ተልኮ የነበረውስ ማን ነው ብትሉ፣ ሾፌሩ ነው። የገዛ ታናሽ ወንድሙ። የዚያን ቀን ወንዙ ሞልቶ ድልድዩን ውጦት ነበር፤ ፈርቶ ተመለሰ፤ ተመለስኩ ማለት አፈረና «ነግሬያለሁ» አለ። ጋሽ ማለት ይህን ሲደርስበት ሁለት ቀን ምግብ አልበላም ይባላል። በሦስተኛው ቀን ጻፈው። ወንድሙንም እጁን ይዞ ድልድዩ መሐል አቆመው። ሾፌሩ ከወዲህም ከወዲያም ሰው እያየው «ያላደረስኩት እኔ ነኝ» አለ። ላዮቹ በዚያው ሳምንት፣ በሦስት ዓመቱ፣ አዋላጇን ሊያለቅሱ ወረዱ። የውሃውና የገበያው ጭቅጭቅ አላለቀም፣ ዛሬም አለ፤ ሰው ግን ከዚያ ወዲህ አልሞተበትም። ትምህርት ቤቱም ልጆቹን አንድ ላይ አስገባ።

«ጥናቱን እንደገና ስናሳትመው የሱን ስም ከኔ በፊት አስገባሁ» አለች ዶክተሯ። «ስልክ ደውሎ ‹ተራው ተሳስቷል› አለኝ። ‹አልተሳሳተም› አልኩት። ‹ማለት?› ሳይለኝ የቀረው ያን ቀን ብቻ ነው።»

ልጅቱ እየሳቀች እንባዋ ወረደ። አባቷ አፏን ሞልታ ልትኮራበት የሚገባ ሰው እንደነበር ዛሬ ከሌላ ሰው አፍ ስትሰማ፣ ኩራቱም ጸጸቱም እኩል መጣባት።

በዚህ መሐል በመስኮቱ በኩል የወጣቶች ድምፅ ተሰማ። «ለሱ ያልወረዱ ለማን ሊወርዱ ነው?» አለ አንዱ። «ከነገ ጀምሮ እኛም አንወጣም። በቃ።»

«በቃ» አሉ ሌሎቹ።

ልጅቱ ብድግ አለች። አጎቷን ኮሪደሩ ላይ አገኘችው።

«ጋሼ፣ ላይ ሰፈር ነግረሃል?»

«እንዴታ፣ የኔ ልጅ። እኔ ልረሳ? ገና በጠዋቱ ለላይ ሰፈሩ አናጢ ራሴ ደወልኩለት።»

«ምን አልከው?»

«ምን እላለሁ፣ ወንድሜ አረፈ አልኩት።»

«ሌላስ?»

«ሌላማ ያው… የሚባለውን ነው» አለና ዓይኑን ሰበረ። ስለ ላይ ሰፈር ሲነሳ እስከዛሬ ዓይኑን ይሰብራል። ልጅቱ አንድ ቃል አፏ ላይ መጥቶ ነበር፤ ዋጠችውና ጫማዋን ማሠር ጀመረች።

«አብሬሽ ልምጣ?» አለች ዶክተሯ።

«አይ፣ አንቺ ከታየሽ ጥናት መጣ ይላሉ።»

ድልድዩን ተሻገረች። ዳገቱን ስትወጣ በየአጥሩ ሥር የቆጣሪ ሳጥኖች እያየች ነበር፤ አባቷ ሠላሳ ዓመት እየተንበረከከ ያነበባቸው። ትንሽ ልጅ ሳለች አንድ ሁለቴ ተከትላው መጥታ ነበር። የአባቴ ሥራ ጉልበቱን የሚያቆሽሽ ነው ብላ ታፍርበት እንደነበር ትዝ አላትና አፈረች፣ አሁን በራሷ።

የአናጢው ወርክሾፕ በር ክፍት ነበር። ጥርብ ሳንቃዎቹ ወደ ጥግ ተገፍተዋል፤ አግዳሚ ወንበሮች ተደርድረዋል፤ ከሠላሳ የማያንስ ሰው ተቀምጧል። ማንም አይሠራም፤ ማንም አይስቅም። ከመጋዙ በላይ፣ ግድግዳው ላይ አንድ ፎቶ በምስማር ተሰቅሏል። ጋሽ ማለት ነው፣ ዓይኑን አጨንቁሮ ቆጣሪ ሲያነብ።

ልጅቱ በሩ ላይ ደርቃ ቀረች። ለቅሶ ተቀምጠዋል። የራሳቸውን ለቅሶ።

አናጢው ተነሳ። ትልቅ ሰው ነው፣ ጢሙ ውስጥ የእንጨት ብናኝ አለ። «ልጄ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ» አላት፣ ግን አልቀረባትም። «ለምን ደከምሽ? እኛ እንደሁ የተባልነውን ሰምተን ተቀምጠናል። ቀብሩንም ከመቃብሩ አጥር ውጭ፣ ከጀርባ በኩል ቆመን ነው ያየነው። እንግዲህ ቤተሰቡ ካልፈለገን ምን እናደርጋለን።» ድምፁ ሻከረ። «ዘጋችሁን።»

ንዴቷ ከቤት ይዛው የወጣችው ነበር። ‹እናንተ ናችሁ የዘጋችሁት› ልትል አፏን ከፈተች። የወጣው ግን ሌላ ነው።

«ማለት?» አለች፣ አንገቷን ሰበር አድርጋ።

ጥግ ላይ የተቀመጡ አሮጊት አፋቸውን በሻርፓቸው ያዙ። መጀመሪያ ሳቅ ይመስል ነበር፣ ቆይቶ ለቅሶ ሆነ። አናጢው ፎቶውን አየ፣ እሷን አየ፣ ፎቶውን አየ።

«አንገት አሰባበሩ ሳይቀር የሱ ነው» አለ ቀስ ብሎ። ከዚያ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ በዚህ ጥያቄ የተፈተነ ሰው ነውና እንደ ልማዱ በሥርዓት መለሰ። «ማለትማ… አጎትሽ ደወለልኝ። ወንድሜ አረፈ አለኝ። እየመጣን ነው ልለው ስል ‹እንግዲህ መንገዱም ጭቃ ነው፣ እናንተ እንዳትቸገሩ› አለኝ። ሁለቴ ነው ያለው። እንዳትቸገሩ፣ እንዳትቸገሩ። እኛም አንምጣ ማለቱ ነው አልን።»

«እንዳትቸገሩ» አለች ልጅቱ።

«እንዳትቸገሩ።»

«አባባ፣ አጎቴ እናንተን ሲያፍር ነው የኖረው። ከዚያ ከድልድዩ ቀን ጀምሮ። ለናንተ ሲናገር ትሕትና ይበዛበታል፣ ወንበር ሲሰጡት እንኳ ‹አትቸገሩ› ነው የሚለው። አትምጡ አላለም። ኑ ለማለት አፍሮ ነው።»

«ፊቱን ባየው ኖሮ ይገባኝ ነበር» አለ አናጢው። «አባትሽ በስልክ አትጠያየቁ ይለን የነበረው ለዚህ ነው።» ተነሳና ወደ ሰዎቹ ዞረ። «ምን ትጠብቃላችሁ? ወንበር ያንሳቸዋል፣ አግዳሚውን ያዙ።»

ወረዱ። አግዳሚ ወንበሮቹን ሁለት ሁለት ሆነው ተሸክመው፣ አሮጊቷ የጋሽ ማለትን ፎቶ በሻርፓቸው ሸፍነው ይዘው። ድልድዩ ጋ ወጣቶቹ ቆመው ነበር። አናጢው ከአግዳሚው አንዱን ጫፍ ይዞ ቀጥታ ሄደባቸው። «ልጆች፣ ጫፉን ያዙልኝ፣ ወገቤ አልቻለም» አላቸው። ተያዩ። በቃ ያለው ልጅ ነበር ቀድሞ የያዘለት። ሰፊው ድልድይ ለዚህ ቀን ጠቀመ፤ አግዳሚው የድልድዩን ግራ ቀኝ ሳይነካ አለፈ።

ሾፌሩ ደጃፉ ላይ ሆኖ ሰልፉን ሲያይ እጁን ራሱ ላይ ጫነ። ልጅቱ በጆሮው ስትነግረው ፊቱ አመድ መሰለ። «እኔ ለክብር ብዬ እኮ…»

አናጢው ትከሻውን ያዘው። «ሁለተኛህ ነው» አለው። ሾፌሩ አንገቱን ደፋ። «ሦስተኛ ካደረግከው ግን ድልድዩ መሐል አቆምሃለሁ፣ አሁን ሰፍቷልና አይጠብህም።» መጀመሪያ ዳቦ ጋጋሪዋ ሳቀች፤ ከዚያ የላይም የታችም ሰው ሳቀ፤ ሾፌሩ ግን አናጢው ደረት ላይ ተደፍቶ ወንድሜን እያለ አለቀሰ። ከትናንት ጀምሮ አላለቀሰም ነበር። ላዮቹ አብረውት አለቀሱ።

ዶክተሯ ግድግዳውን ተደግፋ ታያለች። «ይህንን አሥር ዓመት ባጠና አላገኘውም ነበር» አለች ልጅቱን። «አንቺ በአንድ ቃል አገኘሽው።»

«የኔ አይደለም ቃሉ» አለች ልጅቱ። ስትናገረው ግን ደረቷ ሞልቶ ነበር።

አግዳሚዎቹን ማስገባት ተጀመረ። የመጀመሪያው ግማሹ እንደገባ በሩ እንደ ልማዱ በራሱ ሄዶ አናጢው ክርን ላይ ድው አለ። «ይሄ በር ድሮ እንዲህ አልነበረም» አለ አናጢው ክርኑን እያሻሸ።

ልጅቱ ወደ መደርደሪያው ሄዳ ወፍራሙን መጽሐፍ አወረደችው።

«የኔ ልጅ፣ ኧረ ነውር ነው» አለ ሾፌሩ እንባውን እየጠረገ። «የወንድሜ ታሪክ እኮ ነው።»

«የሱ አይደለም» አለች ዶክተሯ። ሽፋኑን ከሩቅ አውቃዋለች። «እሱ ያለበት ቀጭኑ ነው፤ የትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው ያለው። ይሄ የመጀመሪያው ነው። የኔ። መንገድ ተዘጋ የሚለው።»

ልጅቱ መጽሐፉን ገልብጣ አየችው። የታችኛው ጠርዝ በሲሚንቶ ወለል ታሽቶ አልቋል፤ መሐሉ ላይ የበሩ ጫፍ ዓመታት ተጭኖት የሠራው ጎድጓዳ መስመር አለ። የመጀመሪያውን ገጽ ገለጠች። በእርሳስ፣ በአባቷ ጠማማ ጽሑፍ፣ «ይህ መጽሐፍ ተዘጋ ብሎ ተሳስቷል፤ ስለዚህ ሲከፍት ይዋል» ይላል።

ዶክተሯ አነበበችውና ሳቀች፣ ከዚያ በሩን ራሷ ይዛ ከፈት አደረገችላት። ልጅቱ አባቷ ቆጣሪ ሲያነብ እንደሚያደርገው በአንድ ጉልበቷ ተንበረከከች። ጎድጓዳውን መስመር ፈልጋ ከበሩ ጫፍ ጋር አገጣጠመችውና መጽሐፉን ሸጎጠችው። በሩ ቆመ። ሁለተኛው አግዳሚ ከራሷ በላይ አልፎ ሲገባ፣ እሷ ገና መዳፏን ሽፋኑ ላይ እንዳደረገች ነበር።